ጥቁሩ ድንጋይ አያታልልሽ፦ እሳተ ገሞራ ባለበት ዳርቻ ወደብ ስለ መሥራት

ጥያቄ፦ «አምስት ኪሎ የሁለተኛ ዲግሪ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በደቡብ ቀይ ባሕርና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ባለው ዓይነት ዳርቻ ላይ መካከለኛ የዕቃ ወደብ መንደፍ ነው። እሳተ ገሞራም የመሬት መንቀጥቀጥም ያለበት ቦታ ነው። ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ መሠረቱ አያሳስብም ብያለሁ። አጠገቡ ያለው ተራራም በታሪክ ፈንድቶ አያውቅም። ለሱናሚ ደግሞ ማዕበል ሰባሪውን ግድብ ከፍና ወፈር አድርጌዋለሁ። አማካሪዬ ግን “ገና ነሽ” ብለው መለሱልኝ። ምን ጎደለኝ? ለመሆኑ እንዲህ ባለ ቦታ ወደብ መሥራት ይቻላል?»

መልስ፦

ይቻላል። ግን አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሥራሽ የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ በድንጋዩ፣ ዝም ባለው ተራራና በወፍራሙ ግድብ። ሦስቱም አይሸከሙሽም። አንድ በአንድ እንያቸውና ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ። ዳርቻው የማን ነው የሚለውን አልነካም፤ የጠየቅሽኝ ምህንድስና ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋዩ ልጀምር። አዲስ አበባ ያደገ መሐንዲስ ጥቁር ድንጋይ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ መሠረት ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ ጥቁር ድንጋይ ከነካ ፎርማኑ «ተገላገልን» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ከተማችን ራሷ በእሳተ ገሞራ የተሠራች ናት። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር፣ ሁሉም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከተማዋ የተቀመጠችበት አለት ከቀዘቀዘ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል። እላዩ ላይ የምናቆመውም ቤት ነው። ማዕበል የሚመታውና መርከብ የሚገፋው ግድግዳ አይደለም።

የዳርቻው ድንጋይ ግን አንድ ወጥ አካል አይደለም። ቅልጥ አለት እንደ እንጀራ ተደራርቦ የፈሰሰበት ነው። የእያንዳንዱ ድርብ መሐል ጠንካራ ነው። ላዩና ታቹ ግን ሲፈስ የተሰባበረ ኮረት ነው። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል አመድ፣ አሸዋ፣ የኮራል ስብርባሪ ይኖራል። አንዳንዴም ቅልጡ ውስጥ ውስጡን ፈስሶ ሲያልቅ ባዶ ዋሻ ትቶ ይሄዳል። ቅልጡ ባሕር ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ቀዝቅዞ እንደ ብርጭቆ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከላይ ጠንካራ መስሎ የሚታየው አዲስ ዳርቻ ከሥሩ የብርጭቆ ፍርስራሽ ክምር ሊሆን ይችላል። ሃዋይ ውስጥ ኪላዌያ የሚባለው እሳተ ገሞራ እንዲህ እያደረገ የሠራቸው አዳዲስ ዳርቻዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ተቆርጠው ባሕር የገቡበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሥራ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ጉድጓዶች ተቆፈሩና ሦስቱም ንጹሕ ጥቁር ድንጋይ አወጡ። ሁላችንም ረክተን ነበር። አራተኛው ጉድጓድ ላይ መቆፈሪያው በድንገት ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። ከሥሩ ባዶ ነበር። ፓይሉ፣ መሬት ውስጥ የሚተከለው የመሠረት ዓምድ፣ እዚያ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ድንጋዩን በስቶት ይገባ ነበር። ያን ቀን የተማርኩት ነገር ቀላል ነው። እንዲህ ባለ መሬት «ድንጋይ አገኘሁ» ተብሎ ቁፋሮ አይቆምም። ቢያንስ በየፓይሉ መስመር፣ ከፓይሉ ጫፍ በታች ብዙ ሜትር ድረስ ይቆፈራል። በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ደግሞ በጂኦፊዚክስ መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል። አንቺ ንድፍሽ ላይ ስንት ጉድጓድ አስበሻል? ሁለት ከሆነ፣ ያው የለሽም።

ግንባታ ላይ የሚውለው ጠጠርና አሸዋም የራሱ ጣጣ አለው። ከዱከምና ከቢሾፍቱ ዙሪያ በሲኖትራክ የሚመጣውን ቀይ ስኮሪያ፣ ያን ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ታውቂዋለሽ። ለብሎኬትና ለመንገድ ሙሊት ደህና ነው። ማዕበል ፊት ግን አይቆምም። ቀላል ነው፣ ይፈጫል። ብርጭቆነት ያለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደግሞ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር በዝግታ ይዋጋል። ከዓመታት በኋላ አርማታው ከውስጥ አብጦ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለጨው ውሃ በር ይከፍታል፤ ጨው ፌሮውን ይበላዋል። ቀይ ባሕር ጨዋማ ነው፤ አየሩም ሞቃት ነው። ሁለቱም ዝገቱን ያፋጥናሉ።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ያው የእሳተ ገሞራ አመድ በደንብ ከተፈጨ ለኮንክሪት መድኃኒት ነው። ሮማውያን ከፖዙኦሊ አካባቢ ያወጡትን አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅለው በባሕር ውስጥ የሠሩት ኮንክሪት ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቷል። «ፖዞላና» የሚለውን ስም ያገኘነው ከዚያው ነው። ሆኖም ንጉሥ ሄሮድስ በቂሣርያ ያሠራው ወደብ ያንኑ አመድ ከጣሊያን በመርከብ አስመጥቶ የተገነባ ነበር። ኮንክሪቱ ዛሬም አለ። ያለው ግን ባሕር ሥር ነው። ሥሩ ያለው አሸዋ ከዳው፣ መሬት ተንቀጠቀጠ ወይስ ሱናሚ መታው፣ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ግድግዳው ጠንክሮ መሬቱ ከሄደ ወደብ የለም።

ወደ ዝምተኛው ተራራ ልምጣ። «በታሪክ ፈንድቶ አያውቅም» የሚለው አባባል በእኛ አካባቢ ዋጋ የለውም። ታሪክ የጻፈ ሰው እዚያ አልነበረማ። በኤርትራ ያለው ናብሮ በታሪክ የታወቀ ፍንዳታ አልነበረውም። ሰኔ 2011 ላይ ፈነዳ። በአፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ ደግሞ 12,000 ዓመት ያህል ዝም ብሏል ሲባል ኖሮ ኅዳር 2025 ላይ አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ ሕንድ አደረሰው። ባሕሩም ውስጥ ቢሆን ዝምታ የለም። ጀበል አል ጣይር ደሴት በ2007 ፈነዳ። የዙበይር ደሴቶች አጠገብ በ2011 እና በ2013 ሁለት አዳዲስ ደሴቶች ከባሕሩ ብቅ አሉ። በኤርትራ ዳርቻ ላይ ያለው ዱቢ በ1861 ሲፈነዳ ቅልጡ እስከ 22 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። አመዱም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወድቋል።

በእውነት የሞተ እሳተ ገሞራ የለም ማለቴ አይደለም። የየመኗን የወደብ ከተማ ኤደንን ውሰጂ። ወደቡ የታወቀውና የተጠለለው የድሮ እሳተ ገሞራዎች አቅፈውት ስለሆነ ነው። አንዱ ሰፈር ስሙ ራሱ «ክሬተር» ነው፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ማለት ነው። እነዚያ ተራሮች ከሞቱ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። የሞተውን ከተኛው የሚለየው ግን የድንጋዩ ዕድሜና የመሬቱ እንቅስቃሴ ነው። የሰው ትዝታ አይበቃም። ድንጋዩን ቤተ ሙከራ አስገብተሽ ዕድሜውን አስለኪ። እንቅስቃሴውን ደግሞ ከሳተላይት ራዳር ታገኚዋለሽ። የአውሮፓ ሴንቲኔል-1 ሳተላይት መረጃ በነፃ ይገኛል። ከአምስት ኪሎ ወንበርሽ ሳትነሺ የመሬቱን ከፍታ ለውጥ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ማየት ትችያለሽ።

ይህ የመሬት እንቅስቃሴ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። ስለ እሳተ ገሞራ ሲነሳ ሁሉም እሳት ያስባል። ወደብን በዝምታ የሚገድለው ግን የመሬት መነሳትና መውረድ ነው። ፖዙኦሊን ድጋሚ ልጥቀስ፤ ኔፕልስ አጠገብ ናት። ከ1982 እስከ 1984 ባለው ጊዜ ውስጥ የከተማዋ መሬት 1.8 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሳ። ፍንዳታ አልነበረም። አንድም ቅልጥ አልወጣም። ወደቡ ግን ጥልቀት አጣ። ጀልባዎች መጠጊያቸው ላይ መድረስ አቃታቸው። እዚያው ከተማ የቆሙ የሮማውያን ዘመን ዓምዶች ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት የቦረቦሩት ቀዳዳ ይታያል። መሬቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ወጥቷል ማለት ነው። አሁን ይህን ወደ ንድፍሽ አምጪው። መርከብሽ 12 ሜትር ውሃ ከፈለገ፣ አንቺም 13 ሜትር ካዘጋጀሽ፣ 1.8 ሜትር መነሳት ወደቡን ዘጋው። ሥሩ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ነው። አሸዋ ቢሆን ይጠረግ ነበር። ድንጋይ ግን በፈንጂ ነው የሚነሳው፤ ያውም ከቆመ ግድግዳ አጠገብ።

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ መሬቱ ወደ ጎንም ይከፈታል። መስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ማግማ፣ ገና ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ አለት፣ ገብቶ መሬቱን በቀናት ውስጥ በሜትሮች አለያየው፤ የበዛበት ቦታ 8 ሜትር ደርሷል። በ1978 ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል፣ አርዱኮባ ሲፈነዳም እንዲሁ መሬቱ ተከፍቷል። አንቺ የመረጥሽው ዓይነት ዳርቻ ማለት ይህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ላይ የተቀመጠ ግድግዳ የቱንም ያህል ቢወፍር ይቀደዳል። መፍትሔው ስንጥቁ ላይ አለመቀመጥ ብቻ ነው።

መንቀጥቀጡን አዲስ አበባም ቀምሰነዋል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ካዛንቺስ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ጠረጴዛዬ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ከመነሻው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው። ወደብ ላይ ሲሆን ግን ዋናው አደጋ የሕንፃ መወዛወዝ አይደለም። ከግድግዳው ጀርባ የተሞላው አሸዋና ገረጋንቲ በውሃ ርሶ ሲንቀጠቀጥ እንደ አጥሚት ይሆናል። ሸክም መያዙን ትቶ ግድግዳውን ወደ ባሕር ይገፋል። ጥር 1995 ኮቤ፣ ጃፓን ውስጥ የወደቡ ግድግዳ የነበሩ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች እስከ 5 ሜትር ድረስ ወደ ባሕር የተንሸራተቱት በዚህ ምክንያት ነው። ኮቤ የዓለም ትልልቅ ወደቦች ተርታ ውስጥ ነበረች። ጥር 2010 በሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕሪንስ ውስጥ ደግሞ የወደቡ ዋና መጠጊያ ፈረሰ፣ ክሬኑ ባሕር ገባ። እርዳታ የጫኑ መርከቦች ቆመው ማራገፊያ አጡ። ወደብ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው በዚያ ቀን ነው። ቀይ ባሕርም ይህን ያውቃል፤ ምፅዋ በ1921 በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታለች።

አሁን ወፍራሙ ግድብሽ። የተለመደ ማዕበልና ሱናሚ አንድ አይደሉም። የተለመደው ማዕበል በየአሥር ሰከንድ ገደማ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። ለእሱ ግድብ ይጠቅማል። ሱናሚ ግን ለብዙ ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚገባ ወንዝ ነው። ግድቡን ያልፍና ከጀርባው ያለውን መሠረት ይቦረቡረዋል። የጃፓኗ ካማይሺ 63 ሜትር ጥልቀት ላይ የተተከለ ማዕበል ሰባሪ ነበራት። በ2009 ተጠናቀቀ። መጋቢት 2011 ሱናሚው ሰበረው። ከንቱ ነበር አልልም፤ ውሃው ከተማዋ እስኪገባ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቷል። በእነዚያ ደቂቃዎች ሰው ይሮጣል። ግን ግድቡ ወደቡን ያድናል ብሎ ንድፍ ማቅረብ አይቻልም።

እሳተ ገሞራ የሚያስነሳው ሱናሚ ደግሞ የባሰ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ማታ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ አንድ ጎን ተንዶ ባሕር ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ የሚጠብቀው ትልቅ መንቀጥቀጥ ነበር፤ እሱ ስላልመጣ ደወሉ አልጮኸም። ሒሳቡን ለራስሽ ሥሪው። 50 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሱናሚ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ደሴት ቢናድ 22 ደቂቃ አለሽ። በ22 ደቂቃ መርከብ ገመዱን ፈትቶ ጥልቅ ውሃ አይደርስም። ሰው ግን ደረጃ ከተሠራለት ከፍታ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከግድቡ የምትቀንሺውን ገንዘብ ደረጃና መንገድ ላይ አውዪው።

የግድቡ ዋጋም ያስደነግጥሻል። የእሳተ ገሞራ ዳርቻ ብዙ ጊዜ በቶሎ ይጠልቃል። ሰውን የሚስበውም ይኸው ነው፤ ትልቅ መርከብ ዳርቻው ድረስ ይጠጋል። ግን የድንጋይ ክምር ግድብ ሲጠልቅ ወደ ጎንም ይሰፋል። ላዩ 8 ሜትር ስፋት፣ ሁለቱም ጎኑ አንድ ለሁለት ተዳፋት ይኑረው እንበል። አናቱም ከውሃው 5 ሜትር ከፍ ይበል። ውሃው 10 ሜትር ሲጠልቅ አንድ ሜትር ርዝመት ግድብ 570 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል። 30 ሜትር ሲጠልቅ 2,730 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ሲያድግ ድንጋዩ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንቺ ደግሞ «ከፍና ወፈር» አድርገሽዋል።

አሸዋና አመድ የሚያመጡትን ነገር ባጭሩ ልበል፤ ንድፍሽ ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ ግን አትለፊው። አይስላንድ ላንድኤያሆፍን የሚባል የጀልባ ወደብ በጥቁር አሸዋ ዳርቻ ላይ ሠርታ ሐምሌ 2010 ከፈተች። ከወራት በፊት ኤይያፍያትላዮኩል ፈንድቶ ነበር። አጠገቡ ያለው ወንዝ የፍንዳታውን ደለል ጭምር እያመጣ የወደቡን አፍ ደጋግሞ ዘጋው። በተለይ በብርዱ ወራት ጀልባው ሌላ ወደብ ለመሄድ ይገደድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃ ውስጥ ብዙ የማይጠልቅ አዲስ ጀልባ አመጡ። ሃዋይ ፖሆይኪ ላይ ደግሞ በ2018 ቅልጡ ጀልባ ማውረጃው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰው ተረፈ ሲል፣ ከቅልጡ የተፈረካከሰው ጥቁር አሸዋ መጥቶ መውጫውን ደፈነው። የራቀ እሳተ ገሞራም አይምርም። ነሐሴ 2021 በጃፓን ባሕር ሥር ፉኩቶኩ-ኦካኖባ ፈነዳ። በጥቅምት ተንሳፋፊ ፓሚስ፣ ያ ተረከዝ የምንፈትግበት ቀላል ድንጋይ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የኦኪናዋን የዓሣ ወደቦች ሞላ። የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ይቆማል። ጣሪያም አትርሺ። 10 ሴንቲ ሜትር አመድ ዝናብ ሲነካው በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። የመጋዘን ቆርቆሮ ይህን አይችልም።

ይህን ሁሉ ስትሰሚ «ታዲያ ለምን ይሞከራል?» ትይ ይሆናል። ሄይማይን ልንገርሽ፤ ይህን ሙያ ስወድ ከሚያኖሩኝ ታሪኮች አንዱ ነው። ሄይማይ የአይስላንድ ደሴት ናት። ኑሮዋ ዓሣ ነው፤ ዓሣው ደግሞ ያለ ወደቡ የለም። ጥር 23 ቀን 1973 ከሌሊቱ በእኛ ስምንት ሰዓት ገደማ ከተማዋ ጠርዝ ላይ መሬቱ ተሰነጠቀና እሳት ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ማዕበል ስለነበር የዓሣ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደብ ውስጥ ነበሩ። 5,300 ያህሉ ነዋሪ በዚያው ሌሊት በጀልባ ወጣ። ከዚያ ቅልጡ ወደ ወደቡ አፍ መሄድ ጀመረ። አፉ ከተዘጋ ከተማዋ አበቃላት። ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። ፓምፕ አሰባስበው የባሕር ውሃ ቅልጡ ላይ ለወራት ረጩ። በጠቅላላው 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ። ቅልጡ እየቀዘቀዘ ራሱ ግድብ ሆነና ከኋላው የሚመጣውን ያዘው። ፍንዳታው በሐምሌ ሲቆም 400 የሚጠጉ ቤቶች ጠፍተው ነበር። ወደቡ ግን ተረፈ። እንዲያውም አዲሱ ቅልጥ ከነፋስ ከለለውና ከበፊቱ የተሻለ ወደብ ሆነ።

ይህን ታሪክ ግን በጥንቃቄ ያዢው። ቅልጡ በዝግታ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ውሃ በእጃቸው ነበር። ጀልባዎቹ በዕድል እዚያ ነበሩ። ማግማና ውሃ በጥልቀት ሲገናኙ ውጤቱ ሌላ ነው። የቢሾፍቱን ሐይቆች አስቢ፤ ሆራና ባቦጋያ ውሃ የነካው ማግማ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። እንዲያ ባለ ቦታ ፓምፕ ይዞ የሚቆም ሰው አይኖርም። በካሪቢያን ባሕር ባለችው ሞንሰራት ደሴት ላይ ከ1995 ጀምሮ የፈነዳው ተራራ ዋና ከተማዋን ፕሊመዝን ከነወደቧ ቀበራት። አዳኙ ነገር በሰሜን ያለው ሊትል ቤይ ነበር። እዚያ ጊዜያዊ መጠጊያ ሠርተው ኑሮ ቀጠለ። ደሴቷን ያቆያት ሁለተኛ ቦታ መኖሩ ነው።

ስለዚህ ንድፍሽ ውስጥ መመለስ ያለበት ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ ወደቡ ሲጎዳ በስንት ቀን ተመልሶ መርከብ ይቀበላል? እሱን ከመለስሽ ውፍረቱ፣ ቁመቱ፣ ዓይነቱ ሁሉ ከእሱ ይወጣል።

አማራጮቹን በዚህ ዓይን እዪያቸው። ሣጥን ኮንክሪት ግድግዳ በሰላም ጊዜ ርካሽና ምቹ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ግን አልመክረውም። አንዴ ከተንሸራተተ መልሶ ማቆም ከባድ ነው። በብረት ፓይል ላይ የቆመ ክፍት ወለል ይሻላል። ውሃ በሥሩ ያልፋል፣ ብረቱ ይታጠፋል እንጂ በአንዴ አይሰበርም፣ የተጎዳው ክፍል ተለይቶ ይቀየራል። ዝገቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታስቦ ይሁን። ተንሳፋፊ መጠጊያ ደግሞ መሬቱ ቢነሳም ቢወርድም ከውሃው ጋር ስለሚሄድ ለአነስተኛ መርከብ ድንቅ ነው፤ ለከባድ ኮንቴይነር ግን አይሆንም። ነዳጅ ብቻ ከሆነ ዳርቻ ሳይነኩ ባሕር ላይ በሚታሰር ቡዪ፣ በተንሳፋፊ ማሰሪያ፣ ማራገፍ ይቻላል። አንድ ሌላ አማራጭ አለ፤ ተማሪዎች አይወዱትም። አለመሥራት። ያለውን ወደብና መንገድ ማሻሻል አንዳንዴ ከአዲስ ወደብ ይበልጣል። ከሰበታ ጅቡቲ ውስጥ እስካለው ነጋድ 752 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የባቡር መስመር ላይ የሚጨመር አቅም ስንት ያወጣል? ይህ ቁጥር ንድፍሽ ውስጥ ለማነጻጸሪያ መኖር አለበት። ያለዚያ ወደብሽ አዋጭ መሆኑን ማንም አያውቅም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። የጀመርሽውን ግድብ ተዪው። በመጀመሪያ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚፈጅ የልኬት ምዕራፍ አስገቢ፤ የባሕር ወለል ካርታ፣ ጥልቅ ቁፋሮ፣ የጂፒኤስና የሳተላይት ራዳር ክትትል፣ የድንጋይ ዕድሜ፣ የማዕበል መለኪያ። ከስንጥቅ መስመሮች፣ ከቅልጥ መውረጃ ሸለቆዎችና ከደረቅ ወንዝ አፍ ርቀሽ ቦታ ምረጪ። ክትትሉ መሬቱ በተከታታይ እየተነሳ ወይም እየተከፈተ መሆኑን ካሳየሽ ቦታውን ልቀቂ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቦታው ካለፈ በፓይል ላይ የቆመ ክፍት መጠጊያ ንደፊ፤ ከ10 ሜትር ጥልቀት ብዙም የማያልፍ አጭር የድንጋይ ግድብ ጨምሪለት። ለመርከቡ ከሚያስፈልገው ጥልቀት በላይ ቢያንስ 2 ሜትር ትርፍ ያዢ። ዳርቻው ላይ የሚቀመጠው መርከብ የሚያራግፈው መሣሪያ ብቻ ይሁን። መጋዘኑ፣ ነዳጁ፣ ቢሮው፣ የሠራተኛው መኖሪያ ወደ ውስጥና ወደ ከፍታ ይግባ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ለምን ከባሕር ርቆ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ እዚህም በጥቂት ኪሎ ሜትር ያንኑ አድርጊ። ከዋናው ወደብ ርቆ፣ ሌላ መሬት ላይ፣ ተዳፋት ያለው ቀላል ማራገፊያ ጨምሪ። ዋናው ቢፈርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ ጀልባ ምግብና መድኃኒት የሚያራግፍበት ይሁን። የወደቡን ወለል ከደለል የሚጠርግ መርከብ ውልና የመለዋወጫ ፓይል ክምችት በወጪው ውስጥ ይቆጠር።

ወሰኑንም በግልጽ ጻፊው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅልጥ በቀጥታ ከመጣ ወደቡ አይድንም። የተራራ ጎን ከተናደ ማስጠንቀቂያው በደቂቃ ነው። ፍንዳታ መቼ እንደሚመጣ ቀኑን የሚነግርሽ መሣሪያ የለም፤ የሚነግርሽ መሬቱ እረፍት ማጣቱን ብቻ ነው። ኢንሹራንስና የአበዳሪ ባንክ ጥያቄም ከዚህ ይነሳል። ይህን የደበቀ ንድፍ ሰው ያስገድላል።

ሰኞ ጠዋት ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ውረጂ። በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ሲመዘግብ የኖረ የጂኦፊዚክስ ተቋም አለ፤ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን የመሠረቱት ነው። የቀይ ባሕርንና የአፋርን መዝገብ ጠይቂ። ነጥቦቹን ካርታሽ ላይ አንድ በአንድ ጣዪ፣ የስንጥቁን መስመርም በቀይ አስምሪ። ወደብሽ የት ላይ እንደተቀመጠ ያኔ እዪና ለአማካሪሽ መጀመሪያ ያንን ካርታ አሳዪያቸው።